ስለ ማርጆሃን አንድ ገጽ

ኮቶ ራናህ፣ ምዕራብ ሱማትራ
ማርች 2 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለወንድሜ ለዳስሪል፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ ጾሙን ያግራልህ፤ ጣትህን ከመርፌ፣ ዓይንህን ከድካም ይጠብቅልህ። እኔም እናቴም ልጆቹም ደህና ነን። ያንተ እናት ጉልበቷን ያማታል እንጂ ድምጿ እንዳለ ነው፤ ትናንት የጎረቤት ዶሮ ስታባርር እኔ ትምህርት ቤት ቢሮዬ ተቀምጬ ይሰማኝ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ለሥራ ነው። ማርጆሃንን ታስታውሰዋለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ስድስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጣችኋል። ስድስተኛ ክፍል ሳለን ተስቦ ሲገድለው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው። ታናሽ ወንድሙ ማስሩል ጃካርታ ሄዶ ቀንቶታል። አሁን በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ በወንድሙ ስም የንባብ ክፍል አሠርቷል። የሚመረቀው በነጻነት ቀን፣ ኦገስት 17 ነው። እኔ ርዕሰ መምህር ስለሆንኩ የመታሰቢያ መጽሔቷ በእኔ ላይ ወድቃለች። ከክፍላችን ልጆች በሕይወት ያለነው አሥራ አራት ነን፤ እያንዳንዳችን ስለ እሱ አንድ ገጽ እንጽፋለን።

አንድ ገጽ ነው ዳስሪል። ሙሉ ልብስ ስፋልኝ አላልኩህም። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ላክልኝ።

በስምንት ወር የምትበልጥህ፣ ስለዚህም «ኡኒ» ልትላት የሚገባህ ታላቅ እህትህ፣
ኤርማዊሊስ


ኩዋላ ላምፑር
ማርች 29 ቀን 1993

ለተከበሩት ታላቅ እህቴ ለኡኒ ኤርማዊሊስ፤

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ለኢድ በሰላም አደረሰዎ። እንደ አገራችን ደንብ፣ በአንደበቴም በልቤም ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።

መልሴ የዘገየው በኢድ ስፌት ምክንያት ነው። የዚህ አገር ሰው ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ከርሞ፣ ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ልብስ እንደሚያስፈልገው ትዝ ይለዋል። አንዱማ ለአምስት ልጆቹ አንድ ዓይነት ሸሚዝ አዝዞ፣ ልጆቹን ግን ለማስለካት አላመጣም። «ይህን ያህል ናቸው» ብሎ በእጁ ከወለሉ ለካልኝ።

የንባብ ክፍሉ ነገር እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። መስኮቶቹ ስንት ናቸው? ቁመታቸውንና ወርዳቸውን ቢልኩልኝ መጋረጃ ሰፍቼ እልካለሁ። አረንጓዴ ይሻላል ወይስ ክሬም? ደግሞም እናቴ በወጥ ቤቱ በኩል ጣሪያው ያፈሳል ብላለች፤ ሲያልፉ አይተው ቢጽፉልኝ።

ገጹን በተመለከተ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት እኔ የመርፌ እንጂ የብዕር ሰው አይደለሁም። ሌሎቹ በደንብ ጽፈውት ይሆናል።

አክባሪ ወንድምዎ፣
ዳስሪል


ኮቶ ራናህ
ኤፕሪል 14 ቀን 1993

ለዳስሪል፤

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህን ይስጥህ፤ ከጤናው ጋር ልቦናም ጨምሮ ይስጥህ።

መስኮቶቹ አራት ናቸው። መጋረጃ አይፈልጉም። የናትህ ጣሪያ አያፈስም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ውሃ የምትደፋው ራሷ ናት።

«እርስዎ» ብለህ ጻፍክልኝ። አያቶቻችን እህትማማቾች ናቸው፤ ከዳዴ ጀምሮ አውቅሃለሁ። አንተ «እርስዎ» የምትለኝ የሆነ ነገር ስትደብቅ ነው። የእናቴን ዓሣ ከኩሬው አውጥተህ የበላህ ጊዜም «ኡኒ፣ ማን እንደወሰደው እርስዎ ያውቃሉ?» ብለኸኝ ነበር።

«ሌሎቹ በደንብ ጽፈውት ይሆናል» ላልከው፣ የዘጠኝ ሰው ጽሑፍ ደርሶኛል። ዘጠኙንም አንድ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። ባለፈው ዓርብ ለማርጆሃን እናት ለማክ ሳኒአር ላነብላቸው ሄድኩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን የአይጥ ኮቴ ይሰማል።

«ማርጆሃን ለሱብሂ ሶላት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ይነሣ ነበር» ብዬ ሳነብ አስቆሙኝ።

«ማን ነው የሚነሣው?»

«ማርጆሃን ነዋ፣ ማክ።»

«ውሃ ካልደፋሁበት አይነሣም ነበር። ቀጥይ።»

«ትልልቆችን ያከብር ነበር። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።»

«ልጄ፣ የሌላ ሰው ወረቀት ይዘሽ ነው የመጣሽው። ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ። ስሙ ተጽፏል።»

«ስሙማ ተጽፏል! የኔ ልጅ የኢማሙን ጫማ ለፍየል ያጫማ ልጅ ነው። መስጊዱ በር ላይ ሰው ሁሉ ሲጮህ እሱ ‹ፍየሏ ውዱእ አድርጋለች፣ ለሶላት ታጥባለች› ብሎ የተከራከረ ልጅ ነው። እሱን ያየ ሰው የለም? ያ አጠገቡ የሚቀመጠው፣ ልብስ ሰፊው፣ እሱ ምን አለ?»

«ስለ መጋረጃ ጠየቀ» አልኳቸው።

ምን ብዬ ልዋሽልህ? በል እንግዲህ ጻፍ።

ኤርማዊሊስ


ኩዋላ ላምፑር
ሜይ 25 ቀን 1993

ለተከበሩት ታላቅ እህቴ ለኡኒ ኤርማዊሊስ፤

ወአለይኩሙ ሰላም። ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤና ያግኝዎ፤ ለመጪውም ዒድ አልአድሃ በደስታ ያድርስዎ።

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ። አንዱ ማሽን ተበላሽቶብኝ ነበር። መጋረጃዎቹን አረንጓዴ አድርጌ በሌላ ጥቅል ልኬአለሁ፤ ልኩን ስላልላኩልኝ የድሮውን የክፍላችንን መስኮት በማስታወስ ቆረጥኩት።

ገጹ ይኸው፦

«ማርጆሃን ጥሩ ጓደኛችን ነበር። በትምህርቱ ትጉህ፣ ለመምህራን ታዛዥ ነበር። በታመመ ጊዜ ሁላችንም ተጨንቀን ነበር። ሞቱ ለክፍላችን ከባድ ሐዘን ሆነ። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቀው።»

እንደሚበቃ ተስፋ አደርጋለሁ።

አክባሪ ወንድምዎ፣
ዳስሪል


ኮቶ ራናህ
ጁን 9 ቀን 1993

ለዳስሪል፤

አሰላሙ አለይኩም።

መጋረጃዎቹ ደርሰዋል። በአንድ ክንድ ያጥራሉ።

ገጽህም እንደዚያው ነው። ስድስት ዓመት አብረኸው ተቀምጠህ አምስት ዓረፍተ ነገር! ደግሞ «ታዛዥ» አልከው። አንተና እሱ የመምህር ጃማሉስን ብስክሌት ማንጎ ዛፍ ላይ ስትሰቅሉ ገመዱን ያቀበልኳችሁ እኔ አይደለሁም እንዴ?

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ይሄ «በታመመ ጊዜ ሁላችንም ተጨንቀን ነበር» የሚለው ነው። እኛ ተጨንቀን ቁጭ አልን፤ በየቀኑ ቤቱ የሄድከው አንተ ነህ! ረሳኸው? ተስቦ ነው ተብሎ ሌሎቻችን ስንከለከል፣ መምህር ጃማሉስ በየቀኑ ሁለት ሁለት ልጅ ደብዳቤ ያስጽፍና በአንተ ይልክ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊታችን ቆመህ «ትናንት ገንፎ በላ፣ ትናንት ሳቀ» ትለናለህ። እኔ ያን ወሬ ስጠብቅ ቁርስ አይወርድልኝም ነበር። ያን ጻፍልኝ! ያን የሚያውቅ ካንተ በቀር ማንም የለም።

ጭራሽ ማክ ሳኒአርን ጠየቅኳቸው። «ዳስሪል ደብዳቤዎቻችንን ይዞ ሲመጣ ማርጆሃን ምን ይል ነበር?» አልኳቸው።

«የምን ደብዳቤ?» አሉኝ።

«በየቀኑ የምንልካቸው።»

«ያን ልጅ አንድ ቀን ግቢዬ ውስጥ አይቼዋለሁ። ስጠራው ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤታችሁ ደጄን የረገጠ ሰው የለም። ልጄ እስኪሞት ‹ማን መጣ? ማን መጣ?› ይለኝ ነበር። እኔ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በእናንተ ክፍል ልጆች ሁሉ ቂም ይዤ ነው የኖርኩት።»

እርጅና ነው፣ ረስተው ነው ብዬ ወጣሁ። ግን እኚህ ሴትዮ የፍየሏን ቀለም እንኳ አልረሱም።

እስቲ በአላህ፣ አሁን እንኳ መልስልኝ።

ኤርማዊሊስ


ኩዋላ ላምፑር
ጁላይ 3 ቀን 1993

ኡኒ፤

አሰላሙ አለይኪ። አልረሱም። እውነታቸውን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሄጃለሁ። ሁለቱን ደብዳቤ ይዤ ግቢው ገባሁ። ማርጆሃን ከውስጥ ይጮህ ነበር፤ የሱ ድምፅ አይመስልም ነበር። ከቤት ስወጣ እናቴ «ደጃፋቸውን ካለፍክ ተስቦው ይይዝሃል፣ እንዳትገባ» ብላኛለች። ማክ ሳኒአር ብቅ ብለው «ዳስሪል፣ ና ግባ፣ እየጠራህ ነው» አሉኝ። እኔ ሮጥኩ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ትንፋሼ አጠረ። ደብዳቤዎቹ እጄ ላይ ነበሩ። ወንዙ ውስጥ ጣልኳቸው።

በማግስቱ መምህር ጃማሉስ «እንዴት ነው?» አለኝ። ሁላችሁም ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ። «ገንፎ በላ» አልኩ። ሁላችሁም ደስ አላችሁ። አንቺ አጨበጨብሽ። እንዲያ ካጨበጨብሽ በኋላ በምን አፌ እውነቱን ልናገር?

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ድልድዩ ሥር እቀመጥ ነበር። ሄዶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ሲያልፍ ደብዳቤዎቹን እጥላለሁ፣ ለነገ የምለውን አስባለሁ፣ ወደ ቤት እገባለሁ። አሥራ አንድ ቀን፣ ሃያ ሁለት ደብዳቤ። አንዱንም ከፍቼ አላነበብኩም። ያን ሐሙስ ጠዋት «ሙዝ በልቷል፣ ሰኞ ይመጣል» ብያችሁ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ የማርጆሃን አጎት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱን ሳይ ከሁላችሁ ቀድሜ አወቅኩ።

ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም «ምስኪን፣ በየቀኑ ያየው ነበር፣ ከሁላችን የከፋው እሱን ነው» ብለው ራሴን ዳበሱኝ። መምህር ጃማሉስ ለቅሶው ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ። የራሱን ኮፍያ አደረገልኝ።

ለምን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ከመንደር እንደወጣሁ፣ ስመጣም ለምን ከሁለት ቀን በላይ እንደማላድር፣ ለምን ድልድዩን ትቼ በላይኛው መንገድ እንደምዞር ሁልጊዜ ትጠይቂኝ ነበር። ይኸው።

ይሄን በመጽሔት ላይ ማውጣት አይቻልም። ለዚህ ነው አምስት ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት።

ዳስሪል


ኮቶ ራናህ
ጁላይ 20 ቀን 1993

ዳስሪል፤

ሰላምታዬን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ለማንም መልካም ቃል አልወጣኝም። ያለ ጥፋታቸው ሁለት መምህራንን ተቆጥቻለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርክ፣ ፈርተህ ነው፣ እሺ። ከዚያ በኋላስ? ሃያ ዓመት ሲሆንህ? ሠላሳ ሲሆንህ? እናትህ ቤት በየሁለት ዓመቱ ትመጣለህ። እኚህ ሴትዮ ያሉት ከእናትህ ቤት የአንድ ሲጋራ መንገድ ነው!

የእኔ ተራ ስድስተኛው ቀን ላይ ነበር። ምን እንደጻፍኩ ታውቃለህ? የመምህሩን የቀለም ጠርሙስ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ማርጆሃን ነው አልኩ፤ እሱ ተገረፈ። እሱን ነው የጻፍኩለት። ይቅር በለኝ ብዬ። በማግስቱ አንተ ተነሥተህ «ትናንት ደብዳቤዎቹን አንብቦ ሳቀ» አልክ። እኔ ይቅር ብሎኛል ብዬ ይኸው እስካሁን ኖርኩ። በአንተ ውሸት ላይ ቤት ሠርቼ ነው የኖርኩት።

ደብዳቤህን ለማክ ሳኒአር ልደብቅ አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። ወስጄ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «‹እየጠራህ ነው› የሚለውን ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። የሚያኝኩትን ቅጠል ተፍተው አፋቸውን ጠረጉ።

«ስለዚህ ጽፈውለት ነበር?» አሉ።

«ሃያ ሁለት ልጆች፣ ማክ።»

«ሁላቸውም?»

«ሁላችንም። ስብርን የሚባለው የሚያነክሰው ልጅ እንኳ፣ መጻፍ በቅጡ የማይችለው፣ ዓሣ ሥሎለት ነበር።»

ያኔ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ የቀለሙን ነገር ነገርኳቸው። «የቀለሙን ጠርሙስ? ‹እኔ ነኝ የሰበርኩት› ነው ያለኝ። እኔም ደግሜ ገረፍኩት» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ተገርፎልኛል ማለት ነው። ይሄን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ከዚያ ንዴታቸው ተነሣ። እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ዱላቸውን ፈለጉ፤ ማንን ሊመቱበት እንደሆነ አላህ ይወቅ። በቃላቸው እጽፍልሃለሁ፦ «በፖስታ ይቅር አልልም በይው። ዕድሜዬ ፖስታ አይጠብቅም። መጥቶ ፊቴ ይቀመጥ። በድልድዩ በኩል ይምጣ።»

መጽሔቷ ማተሚያ ቤት ልትገባ ነው። የዘጠኙን ሰዎች ወረቀት መልሼ ልኬላቸዋለሁ፤ የሚያውቁትን ልጅ እንዲጽፉ። ስለ ፍየሏ ብቻ ሦስት ሰው ጽፏል። ያንተን ገጽ አላሳትመውም። መጋረጃዎቹን ግን ከታች ጨርቅ ቀጥለንባቸው ሰቅለናቸዋል።

ትኬት ቁረጥ።

ኤርማዊሊስ


ኩዋላ ላምፑር
ኦገስት 29 ቀን 1993

ለኡኒ ኤርማዊሊስ፤

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላህ። አላህ ቤትሽን በጤናና በሳቅ ይሙላው፤ ወደ ንባብ ክፍሉ የሚገቡትን ልጆችም ያብዛልሽ። ከመንደር ተመልሼ በሰላም ገብቻለሁ። እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ሳላያት የከተተችውን ሬንዳንግ የሥጋ ወጥ ጉምሩክ አሽትቶ አሳለፈልኝ።

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ስትሸኚኝ፣ «ከበሩ ውጪ አስቀምጣችሁኝ ምን አወራችሁ?» እያልሽ ስትነዘንዢኝ ዝም ያልኩሽ መናገር ስላልቻልኩ ነው። እንደተናደድሽ ተለያየን። ልክ ነሽ። አንቺ ነሽ እኔን ያመጣሽኝ፣ ማክ ሳኒአር ግን «አንቺ ሻይ አፍዪ» ብለው በር ዘጉብሽ። አሁን እነግርሻለሁ።

እንደተቀመጥኩ እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ አልኩ። ትከሻዬን በዱላቸው ገፍተው ቀና አደረጉኝ።

«ቆይ። መጀመሪያ ንገረኝ። ስንት ቀን ዋሸህ?»

«አሥራ አንድ፣ ማክ።»

«የመጀመሪያው ቀን ምን አልክ?»

«ገንፎ በላ አልኩ።»

«ገንፎ አፉን አያስነካም ነበር። ይሄን ያመኑህ ሞኞች ናቸው። ሁለተኛውስ?»

«ኳሴን ማንም እንዳይነካ ብሏል አልኩ።»

«እሱ ይመስላል። ሦስተኛው?»

እንዲህ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የማስታውሰውን ነገርኳቸው፤ ሁሉንም ማስታወሴ ራሴንም ገረመኝ። አንዱን «አይልም» ይላሉ፣ አንዱን «ይል ነበር» ይላሉ። አምስተኛው ቀን ላይ «ይዘፍን ነበር አልኩ» ስላቸው፣ ትኩሳቱ ሲበረታበት በእውነት ይዘፍን ነበር አሉኝ። እንዴት አወቅህ አሉኝ። አላውቅም ነበር፣ ማክ፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ጣቴ ላይ ያለውን የመርፌ ጠባሳ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ።

አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ መናገር አቃተኝ። «ሙዝ በላ፣ ሰኞ ይመጣል» የሚለውን እዚያ ቤት ውስጥ፣ እሳቸው ፊት፣ እንዴት አድርጌ ልበለው? እሳቸው አላስገደዱኝም።

«እንግዲያውስ የመጨረሻውን እኔ ልንገርህ» አሉ። «ያን ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቀው። ዓይኑን ገልጦ ‹ማክ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?› አለኝ። ሐሙስ ነው አልኩት። ‹ሐሙስ ጥቁር ሰሌዳ የሚያጸዳው ዳስሪል ነው› አለኝ። ‹አያጸዳም። ሰነፍ ነው። መምህሩ ይቆጣዋል፣ የማጸዳለት እኔ ደግሞ የለሁም› ብሎ ሳቀ። ከዚያ ተኛ።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አጽድተኸው ነበር?»

«አላጸዳሁም፣ ማክ።»

ኡኒ፣ አንቺ ሻዩን ይዘሽ በሩን ስትከፍቺ ሁለታችን እያለቀስን ስንስቅ ያገኘሽን፣ «ምን ያስቃችኋል?» ብለሽ ስትቆጪም «አያገባሽም፣ ሻዩን አስቀምጪ» ያሉሽ በዚህ ነው።

ወንድምሽ፣
ዳስሪል